ለቅዳሜ የተጠበቀው በረዶ

ሰሞኑን ስልኬ ዕረፍት የለውም። ከኮሎምበስና ከዙሪያዋ የተሰባሰቡ ሠላሳ የሚሆኑ ሐበሾች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ሥራው በረዶ መጠበቅ ነው። ለእሑድ ከባድ በረዶ ሊመጣ ይችላል ስለተባለ ከሰኞ ጀምረው ካርታ ይላላካሉ። ትናንት አንዱ ኦሃዮን ከጫፍ እስከ ጫፍ የከባድ በረዶ ምልክት በሆነው ሐምራዊ የቀባ ካርታ ለጠፈ። ሌላው ብሌንደን ታውንሺፕ ካለው ቤቱ ጓሮ የተከለውን ማስመሪያ ፎቶ አንስቶ ላከ፤ ከማስመሪያው ሥር የሚታየው ደረቅ ሣር ብቻ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሼ፣ በዜና ገጽህ ላይ አውጣው እንጂ። ሕዝቡ ይዘጋጅ።»

«የትንበያ መሥሪያ ቤቱ ምን አለ?» ብዬ ጻፍኩ።

«ሊጥል ይችላል ነው የሚሉት። እነሱ መቼ ደፍረው ያውቃሉ።»

«እንግዲያው እኔም ሊጥል ይችላል ብዬ አወጣለሁ።»

የሳቅ ምልክት ደረደሩልኝ። ሰውየው አርጅቷል፣ ሁሉን ይጠራጠራል ብለው ይሆናል። በረዶ እንደ እነሱው እወዳለሁ። ስለ በረዶ ስጽፍ ግን ቃል የምመርጠው በአንድ ቅዳሜ ምክንያት ነው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን አነሳለሁ፤ ሐሙስ ማታ ደግሞ ከአንዲት አነስተኛ ጣቢያ ለግማሽ ሰዓት በአማርኛ እናገራለሁ። ዜና፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የሠርግና የሐዘን መልእክት አነብባለሁ። ራሴን ጋዜጠኛ ብዬ መጥራት የጀመርኩት በዚያ ግማሽ ሰዓት ነው። ለማዕረጉ ትንሽ የቸኮልኩ ይመስለኛል።

ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ፣ ከአንድ ጎማ ቤት አጠገብ፣ የእትዬ አስካለ ምግብ ቤት ነበረች። ጠረጴዛዋ ስድስት ነው። በር ስትከፍት መነጽርህን እንፋሎት ይሸፍነዋል፤ የቅቅሉ ሽታ ከማየትህ በፊት ይደርስሃል። እትዬ አስካለ በስደት በሱዳን በኩል የመጡ፣ አርባዎቹን ያጋመሱ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሴት ናቸው። ወጥ ቤት ሆነው የምንለውን ሁሉ ይሰማሉ፤ ጭልፋ እንደያዙ ብቅ ብለው መልስ ይሰጣሉ።

የጥጉ ጠረጴዛ የበረዶ ጠባቂዎች ነበር። የጠረጴዛው አለቃ ጋሼ ደምሴ ኮምቦልቻ ውስጥ በአየር ጠባይ ጣቢያ ዝናብ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ልማዳቸውን ግን አልተዉም። በየማለዳው የሙቀቱን መጠንና የደመናውን ዓይነት ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ነጭ ቀለም የቀቡትን አንድ ክንድ የሚሆን ጣውላ ከምግብ ቤቱ ጀርባ አስቀምጠው፣ በረዶ ሲጥል በላዩ ላይ ማስመሪያ ያቆማሉ። ሁለተኛው ሄኖክ ነው። በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ከእኔ ጋር አንድ ሺፍት ይሠራል። ከላይብረሪ ካርታ እያተመ፣ በላብ እስኪርስ ብብቱ ውስጥ ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ኮሎምበስ ላይ በረዶ መጠበቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። ትልልቁ በረዶ ወይ ወደ ሰሜን ወደ ሐይቁ ይሸሻል፣ ወይ በደቡብ በኩል አልፎ ይሄዳል። መሀል ላይ ያለነው ግራጫ ካፊያ ይደርሰናል። ስለዚህ ጠባቂው እንደ ተከዳ ሰው ነው፤ በየዓመቱ ዘንድሮስ አይቀርም ይላል። አንድ ነገር አጥብቆ የሚፈልግ ሰው ካርታ እንዴት እንደሚያነብ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የዚያ ሳምንት ረቡዕ ለጋሼ ደምሴ ከኮምቦልቻ ተደወለ። የእትዬ አስካለ እናት አርፈዋል። ደዋዩ የለመነው በወግ እንዲነገራቸው ብቻ ነው። ወጉ የታወቀ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ አንድ ላይ ይገባል። ደግፈው የሚይዙ እጆች ሳይዘጋጁ ቃል አይወጣም። ከዚያም ቤቱ ለቀናት ሰው አይጎድልበትም። እትዬ አስካለ ክሊንተንቪል ሰፈር ባንድ አሮጌ ቤት ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት።

እድራችን ነገሩን ለጋሼ ደምሴ ተወላቸው፤ ከእትዬ አስካለ ጋር ያገር ልጅ ናቸው። ሐሙስ ቀን በምሳ ሰዓት እዚያው የጥጉ ጠረጴዛ ላይ ተመከረ።

«ነገ ማለዳ እንንገራት ብል፣» አሉ ጋሼ ደምሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማታውን ስኖው ይጀምራል። ለቀስተኛው ወደየቤቱ ይሮጣል፤ እሷ ባዶ ቤት ቁጭ ትላለች።»

«ቨርጂኒያ ያለችው የእህታቸው ልጅስ?» አልኩ።

«እሱ ነው የባሰው። በሰማች በሰዓቱ መኪና አስነስታ ትመጣለች። ተራራው ላይ በረዶ ይይዛታል። አንዱ ሐዘን ሁለት ይሆናል።»

ሄኖክ ካርታውን ዘረጋ። «ዓርብ ማታ ገብቶ እሑድ ጠዋት ይወጣል። ሰኞ መንገዱ ይጸዳል። ከአሥር ኢንች አያንስም፣ ጋሼ። ይሄኛው አያልፈንም።»

«እንግዲያው ሰኞ ማለዳ።»

እትዬ አስካለ ሦስት ሳህን ቅቅል ይዘው መጡ። «ዛሬ ደግሞ ማን ሞቶባችሁ ነው የምትንሾካሾኩት?» አሉ። ማናችንም ቀና አላልንም። «ስንት ኢንች ደረሰ?»

«አሥር፣ እትዬ፣» አለ ሄኖክ።

«አምናም አሥር ብለህ ነው አንድ ጆንያ ጨው ያስገዛኸኝ። ይኸው እስከ ዛሬ የጓዳውን በር ደግፎልኛል።»

ሳቅን። ከሚገባው በላይ የሳቅን ይመስለኛል።

ካልጣለስ? ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከሦስታችን ጥያቄ መጠየቅ ሥራው የሆነው እኔ ነኝ። የትንበያ መሥሪያ ቤቱ መግለጫ ታትሞ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ በረዶ ሊጥል እንደሚችል፣ ከደቡብ ሞቃት አየር ከገባ ግን ወደ ዝናብ እንደሚለወጥ ይናገራል። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አንብቤዋለሁ። የዚያን ማታ በሬዲዮ ያልኩት ግን ይህን ነው፦ «ቅዳሜ ኮሎምበስ በበረዶ ትዘጋለች።» የሚያምር ዓረፍተ ነገር መስሎኝ ነበር። የእትዬ አስካለን እናት የሐዘን መልእክት ደግሞ በተነገረኝ መሠረት ዘለልኩት።

ዓርብ ጨው የሚበትኑ መኪኖች መንገዱን አነጡት። ሰው ሁሉ ዳቦና ወተት ሊገዛ ግሮሰሪ ፊት ተሰለፈ፤ እዚህ አገር በረዶ ሲመጣ ለምን ዳቦና ወተት እንደሚያልቅ እስካሁን የገለጸልኝ የለም። ብዙዎቹ ወገኖቻችን ለቅዳሜ ከወዲሁ ሺፍት ካንስል አደረጉ። እትዬ አስካለም በር ላይ ወረቀት ለጠፉ፦ «በሬዲዮ እንደተነገረው በበረዶ ምክንያት ቅዳሜ ዝግ ነን።»

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ከተዘጋው ምግብ ቤት ጀርባ ጣውላችንን ከበን ቆምን። ካፊያ ነው። ጣውላው ላይ የተኛው ውሃ ሲሆን፣ የጋሼ ደምሴ ማስመሪያ ኪሳቸው ውስጥ ቀረ።

«ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው የቀረው፣» አለ ሄኖክ። «እስከ ምሳ ሰዓት ይለወጣል።»

«ይሄ ስኖው እንደ ሐበሻ ቀጠሮ ነው፣» አሉ ጋሼ ደምሴ። «መንገድ ላይ ነኝ ይልሃል፤ ገና ካልጋው አልወረደም።»

የእትዬ አስካለ መኪና ወደ ጓሮው ስትታጠፍ ያየኋት እኔ ነኝ። ሲወርዱ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ዓይናቸው አብጧል፤ ድምፃቸው ግን ደረቅ ነበር።

«ጋሼ ደምሴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«ከረቡዕ።»

ማንም ሳይጠይቃቸው እትዬ አስካለ የሆነውን ነገሩን። እዚህ አገር ከመጡ ቅዳሜ ኦፍ ሆነው አያውቁም። በረዶ ከዘጋኝ ከእናቴ ጋር እስክጠግብ ላውራ ብለው የስልክ ካርድ ገዙ። ጠዋት ሲደውሉ ስልኩን ያነሳችው የጎረቤት ልጅ ናት። ልጅቱ ሞቱን ሰምተዋል ብላ አስባ፣ አይዞሽ አለቻቸው። ቀብሩ ያማረ ነበር፤ ሕዝቡ እስከ መንገዱ ድረስ ሞልቶ ነበር አለቻቸው። ከዚያ ካርዱ አልቆ ተቋረጠ።

ጋሼ ደምሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በረዶው ከሰው እንዳይለይሽ ብለን ነው፣ አስካለ። ብቻሽን እንዳትሆኚ።»

እትዬ አስካለ ወደ መንገዱ ዞረው አዩ። መኪናዎቹ ውሃ እየረጩ ያልፋሉ። «ብቻዬን ነበርኩ፣» አሉ። «መንገዱ ደግሞ ይኸው ክፍት ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «አንተ፣ ሐሙስ በሬዲዮ ስትናገር ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

በዚያ ሳምንት ከተናገርኩት ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ የተናገርኩት ያንን አንድ ቃል ነው። እትዬ አስካለ ቁልፋቸውን አውጥተው የጓሮውን በር ከፈቱና፣ «ግቡ፣ ዝናብ ላይ አትቁሙ፣» አሉን።

ሄኖክ ለሁሉም ኮል አደረገ። የሚገርመው ሰው የመጣው በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። በረዶ ይዘጋናል ብሎ ሁሉም ከሥራ ቀርቶ ቤቱ ተቀምጧል። ስድስቱ ጠረጴዛዎች ወደ ግድግዳ ተገፉ፤ ቦታ ያጣው ጎማ ቤቱ ጥላ ሥር ቆመ። ምግብ ለማብሰል ጊዜ ያገኘ ስላልነበረ፣ ለበረዶው የተገዛው ሁሉ ወደ ለቅሶ ቤት መጣ። የምግብ ቤቱ ፍሪጅ በወተት ተሞላ፤ ዳቦው መደርደሪያ አልበቃውም። የእህታቸው ልጅ በረዶ በሌለበት መንገድ ነድታ ማታውን ገባች። ሴቶቹ እትዬ አስካለን ግራና ቀኝ ይዘው ተቀመጡ። እሳቸው ግን ሰው ደግፎ የሚይዝበት ዓይነት ለቅሶ አላለቀሱም። የመጀመሪያውን ለቅሶ ጠዋት ማንም በሌለበት ጨርሰውታል። ያንን ማንም ሊመልስላቸው አልቻለም፤ ያ ሁሉ ሰው መጥቶም ቢሆን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘገባ ሠርቻለሁ። እሳት፣ ምርጫ፣ ፍርድ ቤት። ማን እንዳለ፣ መቼ እንዳለና ምን ያህል እርግጠኛ ሆኖ እንዳለ ሳልጽፍ አላልፍም። አርታኢዎች ይህን እንደ ጥሩ ልማድ ቆጥረውልኛል። እኔ ልማዱን ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ።

ጋሼ ደምሴ አርፈዋል። መርዶውን ለልጆቻቸው ያደረስነው በማለዳ ነው፤ የዚያን ቀን በረዶ እየጣለ ነበር፤ መኪና እምቢ ሲል የመጨረሻውን መንገድ በእግራችን ሄድን። እትዬ አስካለ ከፊት ነበሩ።

ያን እንድናደርግ የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ያስገድደናል። ከእናታቸው አርባ በኋላ በነበረው ስብሰባ እትዬ አስካለ እጃቸውን አውጥተው አንድ አንቀጽ ይጨመር አሉ፤ የሚጽፈውም እኔ እንድሆን ጠየቁ። ዛሬ ደንቡን በስልካቸው የሚያነቡ አዳዲስ አባላት እዚያ ሲደርሱ ፈገግ ይላሉ፤ የእድር ደንብ ስለ አየር ጠባይ ምን አገባው ይላሉ። አንቀጹ እንዲህ ነው፦ «መርዶ በአየር ሁኔታ ምክንያት አይዘገይም።» እየጻፍኩ ሳለ፣ ምን እንደሚያጋጥም አይታወቅም ብዬ፣ «በተቻለ መጠን» የሚል ልጨምርበት ነበር። እትዬ አስካለ ከትከሻዬ በላይ ሆነው ያነቡ ነበር።

«እሷን ተዋት፣ አትጨምራት፣» አሉኝ።

ተውኳት። ስለ እሑዱ በረዶ ሊጥል ይችላል ብዬ አውጥቻለሁ። አንቀጹ ግን እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው፤ በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ «ይችላል» የማያስፈልገው እሱ ነው።