አጎቴና የድሮው ቤት ቁጥር

አጎቴን በስሙ የሚጠራው የለም። ሰፈሩም ገበያውም «ሴኮንድ» ነው የሚለው። ሰዓት ጠጋኝ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ! ምንም በሉት ምን መልሱ «አንድ ሴኮንድ» ነው። ምሳ ቀረበ ሲባል «አንድ ሴኮንድ»፣ ዝናብ መጣ ልብስ አስገባ ሲባል «አንድ ሴኮንድ»፤ ልብሱ በስብሶ ሲያበቃ ይነሳል። ግን ሥራ ላይ ብታዩት! ያቺን ማጉያ መነፅሩን ዓይኑ ላይ ሸጉጦ ከአሸዋ የማትበልጥ ብሎን ሲያነሳ ትንፋሹን ሁሉ ይይዛል። እኔ ቆሜ ሳየው እግሬ እስኪደነዝዝ አይሰለቸኝም።

ሱቁ ውስጥ ታዲያ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ሰዓታችሁን ይቀበላል፣ ፊታችሁን አንዴ ያያል፣ አለቀ። ከዓመት በኋላ ብትመጡ «ያንተ ማሰሪያው የላላው ነው» ብሎ ከመሳቢያ መዝዞ ይሰጣችኋል። ተሳስቶ አያውቅም። «ሰው ካወቀህ ወረቀት ምን ሊሠራልህ ነው?» ይላል። ይሄን አባባሉን በጣም ነበር የምወድለት። ነበር።

ሚስቱን እትዬ ነው የምላት። ሳንባዋን ካመማት ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያለ ኦክስጅን አይሆንላትም። ትልቅ ሲሊንደር አልጋዋ አጠገብ ቆሞ በቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ድረስ ይመጣላታል። አንዱ የሚይዛት ሦስት ቀን ነው፤ በየሦስት ቀኑ ጠዋት የኦክስጅን ድርጅቱ መኪና ሙሉውን አምጥቶ ባዶውን ይወስዳል። መኪናው ከቀረ እትዬም ቀረች ማለት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

የዛሬ ሁለት ወር ገደማ የተከራዩትን ቤት ባለቤቱ ሸጠው። ገዢው አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ነው አሉ። እዚያው ሰፈር ካለ እንጨት መሸጫ ጀርባ ሁለት ክፍል አገኘንና ዕቃውን እኔ ነኝ ያጋዝኩት። ገና ፍራሹ ሳይዘረጋ እትዬ ጀመረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሂድና የኦክስጅኑን አድራሻ አስቀይር።»

«ለሹፌሩ ነግሬዋለሁ እኮ!»

«እኔን የሚያስተነፍሰኝ ሹፌሩ ነው ድርጅቱ?»

«ሹፌሩ ነዋ! ድርጅቱ መቼ ሲሊንደር ተሸክሞ ያውቃል?»

ሳቅን። እትዬም እስክታስል ሳቀች። እውነትም ፂማሙ ሹፌር «ጋሼ፣ ያዝኩት፣ አታስብ» ብሎ ስድስት ጊዜ አዲሱ ቤት ድረስ አመጣ። አጎቴ እያየኝ «አላልኩህም?» ይለኛል። እኔም «ልክ ነህ» እለዋለሁ። ምን አለ ያኔ አፌን በቆረጠው!

በሰባተኛው መኪናው አልመጣም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። የሲሊንደሩ መለኪያ መርፌ ቀዩ ጋ ደርሳለች። የፂማሙ ስልክ ዝግ ነው። አምቡላንስ ስንጠራ «ሁሉም ወጥተዋል፣ ተራ ይጠብቁ» አሉን። አጎቴ ድርጅቱ ጋ ደወለ።

«ደርሷል ይላል» አለች ልጅቷ።

«የት ነው የደረሰው? እኔ በሩ ላይ ተገትሬ!»

«ቤት ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት። ተረካቢም ፈርሟል።»

የድሮው ቤት! ፂማሙ ወደ ሌላ መስመር ተቀይሮ ኖሯል። አዲሱ ሹፌር ደግሞ ወረቀቱ ያለውን ነው የሚያውቀው፤ ምን ያድርግ? እትዬን ለጎረቤት አደራ ሰጥተን ሮጥን። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

አጥሩ ላይ ሰንሰለት ተደርጎበታል። ሲሊንደሩ በቀዳዳ ይታየናል፣ የሲሚንቶ ከረጢት ተደግፎ ቆሟል። የፈረመው የግንባታው ጥበቃ ነው።

«አባባ፣ የሥራ ቦታ ነው፣ መግባት ክልክል ነው።»

«የኔ ነው! ሚስቴ ትንፋሽ እያጠራት ነው!»

«የርስዎ መሆኑን በምን አውቃለሁ? መታወቂያ ያሳዩኛ።»

አጎቴ ከኪሱ አወጣ። የእሱንም አድራሻ አላስቀየረም ነበር። ጥበቃው መታወቂያውን አየ፣ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር አየ። «ልክ ነው፣ እዚሁ ነው የሚኖሩት» አለና ሰንሰለቱን ፈታ። እሱ ደግ ሰው ነው፣ ጋሪም አዋሰን። እኔን ግን ያቺ «እዚሁ ነው የሚኖሩት» ያላት ነገር ሰውነቴን ሰቀጠጠችኝ።

ስንደርስ የእትዬ ጥፍር ሰማያዊ ሆኗል። መናገር አቅቷት በጣቷ ቱቦውን ብቻ ታሳየናለች። አጎቴ ገጠመላት። ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አያት።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ድርጅቱ ሄደ፤ አብሬው ነበርኩ። የመስኮቷ ሴትዮ «አዲሱ አድራሻ ያለበት መታወቂያ ያምጡ» አለች። መታወቂያ የሚሰጡት ጋ ስንሄድ «ከድሮው ቤት መልቀቂያ፣ ባለቤቱ የፈረመበት» አሉን። ባለቤቱ ቤቱን ሸጦ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። «ያለ እሱ ፊርማ ከሆነ ተጣርቶ ነው፣ ሠላሳ ቀን ይፈጃል» አሉን።

«እስከዚያ ሲሊንደሩን ራሴ ከመጋዘን ልውሰድ» ብሎ ድርጅቱን ለመነ።

«ለቤት ታካሚ በመኪና ብቻ ነው፣ በተመዘገበው አድራሻ።»

ሲወጣ «ሠላሳ ቀን ስንት ሲሊንደር ነው?» አለኝ።

«አሥር» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ በየሦስት ቀኑ ከንጋት ጀምሮ የድሮው በር ላይ ይቆማል። በሩ አሁን የለም፤ የሚያፈርሰው ማሽን አጥሩን ከነቁጥሩ ጠራርጎ ወሰደው። አዲሱ ሹፌር «ቁጥሩን ፎቶ ካላነሳሁ አላወርድም» ስላለ አጎቴ ጣውላ ላይ በቀለም 417 ብሎ ጽፎ ደረቱ ላይ ይዞ ይቆማል። ሹፌሩ ፎቶ ያነሳዋል፣ ያወርድለታል፣ ይሄዳል። ከኋላው ጉድጓድ ነው፣ ግድግዳ የሚባል አልቀረም። መንገደኛ ይስቅበታል። እሱ አይሰማም፤ ዓይኑ መኪናው የሚመጣበት ማዕዘን ላይ ነው።

ትናንት አራተኛውን አመጣን። ጥበቃው ጋሪውን እየገፋልን «አባባ፣ ከሰኞ ጀምሮ ይሄ መንገድ ራሱ ሊዘጋ ነው፣ መኪና አይገባም» አለን። ቤት ስንገባ አጎቴ ለእትዬ አልነገራትም፣ እኔንም በዓይኑ ዝም አሰኘኝ።

እሷ ግን ከማን እንደሰማች እንጃ። ዛሬ ጠዋት የሲሊንደሩን መርፌ ሳይ እንደወትሮው አልወረደችም። እትዬ ማንም ሳያያት የኦክስጅኑን መክፈቻ ትንሽ ትንሽ እያጠበበች ነው፣ እንዲቆይላት።