የዕድራችን ጥሩምባ ዝም ያለበት ቀን

አባቴ የዕድራችን ለፋፊ ነበር። ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ጥሩምባውን ይዞ ይወጣል። በየመታጠፊያው ቆም ብሎ ይነፋና ሟቹ ማን እንደሆነ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ይናገራል። የሰፈር ልጆች «ኦቦ ጥሩምባ» ይሉታል። እኔንም «የጥሩምባ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። አፍሬበት አላውቅም ብል ውሸት ይሆናል።

አባቴ ድሮ ጤፍ ይዘራበት የነበረው ዳገት ላይ አሁን ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶች ቆመዋል። ላይኛው ሰፈር እንለዋለን። ታችኛው እኛ ነን፤ የጭቃ ቤቶች፣ የኪራይ ክፍሎችና የብሎኬት ማምረቻዎች። ለአባቴ የቀሩት ሁለት ላሞች ናቸው፤ ወተቱን የሚገዙትም ላይኞቹ ናቸው። ሁለቱ ሰፈሮች አንድ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ዕድሩ ብቻ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ እየጠበቅኩ በነበረበት ክረምት አባቴን ተከትዬ ለዕድሩ ስብሰባ ሄድኩ። ከላይኛው ሰፈር የመጡ አንድ መሐንዲስ እጃቸውን አወጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲናገሩም በትሕትና ነው።

«ጥሩምባው ልጆቻችንን በድንጋጤ ያስነሳብናል። ቴሌግራም ግሩፕ ብንከፍትስ?»

«እኛ ቴሌግራም ምናችን ነው?» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። ሰው ሳቀ።

«ልጆቻችሁ ያነቡላችኋል አባቴ» አሉ መሐንዲሱ።

ሰብሳቢው ዙሪያውን ቃኝተው ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «ይቺ ማትሪክ ያለፈችው አይደለችም? ትችያለሽ ልጄ?»

ብድግ ብዬ «እችላለሁ» አልኩ። ተጨበጨበልኝ፤ ጥሩምባው እንዲቀርም ተወሰነ። አባቴን ያየሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። እሱም ያጨበጭብ ነበር፤ ቀስ ብሎ።

ወደ ቤት ስንመለስ «አባዬ፣ ቅር አለህ እንዴ?» አልኩት።

«ወተት የሚገዙኝን ሰዎች ምን ልላቸው ነው?» አለኝ።

ሥራውን በጥንቃቄ ሠራሁ። ደብተር ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። ታችኛው ሰፈር ብዙዎቹ የያዙት የቁልፍ ስልክ ስለነበር የልጃቸውን ወይም የልጅ ልጃቸውን ቁጥር መዘገብኩ። የቀረ ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ነበርኩ።

የተመደብኩበት ዩኒቨርሲቲ ከቤት በጣም ሩቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የማወራው ሰው አልነበረኝም፤ ምሳ የምበላው ለብቻዬ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሰብሳቢው ደወሉ። በታችኛው ሰፈር ታክሲ መያዣው ጋ ቆሎ የሚሸጡት እናት አርፈዋል፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። በሁለቱም ቋንቋ ጻፍኩ፤ ፊደል እንዳይሳሳት ሁለቴ አነበብኩና ላክሁ። ከካፌ ሳልወጣ «ነፍስ ይማር» የሚሉ መልእክቶችና የተጣመሩ እጆች ሥዕሎች ይዘንቡ ጀመር። ደስ አለኝ። ሰው በሞተበት ቀን ደስ እንዳለኝ መጻፍ ይከብዳል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። ክፍል ውስጥም ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር አድርጌ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ሰው መሐል የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ለሴሚስተር ዕረፍት ቤት በገባሁ ማግስት አንዲት አሮጊት መጡ። የሟቿ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበያ አብረው ነው የወረዱት።

«የቴሌግራሟ ልጅ መጣሽ?»

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም። ጓደኛዬ ስትቀበር እኔ ጓሮ ሽንኩርት እኮተኩት ነበር። በሦስተኛው ቀን ነው የሰማሁት!» ወደ አባቴ ዞሩ። «አንተስ? ጥሩምባህ ተሰበረ እንዴ?»

አባቴ ተነስቶ እስከ በሩ ሸኛቸው።

እሳቸው ሲወጡ ደብተሬን ገለጥኩ። ለእሳቸው የመዘገብኩት የልጅ ልጃቸውን ቁጥር ነው። ልጁ ግንባታ ሥራ አግኝቶ ሱሉልታ ከገባ ቆይቷል፤ ስልኩም አብሮት ሄዷል። ግሩፑን ከፍቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። መልእክቴን ያን ዕለት አይቶታል። የተጣመሩ እጆችም ልኳል። አያቱ የሰሙ መስሎት ይሆናል።

የቀረውን እናቴ ነገረችኝ። በቤታችን ቴሌግራም ያለው የእኔ ስልክ ብቻ ስለነበር አባቴ ራሱ የሰማው ረፋድ ላይ፣ ወተት አድርሶ ሲመለስ፣ ከመንገደኛ ነው። ጥሩምባውን ሊያመጣ ሮጦ ነበር፤ ግን ሬሳው ሊወጣ ደርሷል። ከላይኛው ሰፈር ሁለት መኪና መጣ። ከታች የመጣው በጣት የሚቆጠር ሰው፣ አብዛኛውም አሮጊት ነበር።

«ቃሬዛውን ማን ተሸከመ?» አልኳት።

«ላይ ሕንፃው ላይ የሚሠሩት የደቡብ ልጆች። አካፋቸውን ጥለው መጡ። ጴንጤዎች ናቸው፤ ዕድሩ ውስጥም የሉም። ‹ቆሎ እንገዛቸው ነበር› ነው ያሉት።»

ያን ቀን ስንት የተጣመሩ እጆች እንደቆጠርኩ ለእናቴ አልነገርኳትም።

ወደ ግቢ ከመመለሴ በፊት ሌላ ሰው ሞተ። ጥሩምባ እንዳይነፋ ዕድሩ ወስኗልና አባቴ ባዶ እጁን ሊወጣ ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ደረበ። ማንም ሳያዘው፣ ከዚያ ቀብር ወዲህ ታችኛውን ሰፈር በር በበር እያንኳኳ እንደሚናገር ያወቅኩት ያኔ ነው። ጫማዬን አድርጌ ተነሳሁ።

«አንቺ ደግሞ ወዴት?»

«አብሬህ ልሂድ። ላግዝህ።»

«ለላይኞቹ ማን ይጽፋል? አንቺ ለእነሱ ጻፊ፤ እኔ ለኛ ሰዎች እነግራለሁ።»

ተቆጥቶ አልነበረም። ሥራ እንደሚካፈል ሰው ነው የተናገረው። «ለኛ ሰዎች» ሲል እኔን ከየትኛው እንደቆጠረኝ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ፤ እሱ ግን በሩን አልፎ ሄዷል።

ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። ስልኬ ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አላየሁትም። ከታች በኩል በር ሲንኳኳ ይሰማል። «አካም ቡልተኒ? እንዴት አደራችሁ?» ይላል አባቴ፤ በር ይከፈታል፤ «ማነው እሱ? ማን ሞተ?» ይላሉ፤ ይነግራቸዋል፤ የሴት ልቅሶ ይነሳል። ከዚያ የሚቀጥለው በር። የእኛን በር የሚያንኳኳ አልነበረም። እኛ ቤት አስቀድሞ ታውቋል።