ያልቀጠነው ሶዳ

በረኪና ጣቴን ባሙለጨለጨው ቁጥር የሞያሌው ትምህርት ቤታችን የኬሚስትሪ ክፍል ትዝ ይለኛል።

ሥጋ የሚያቃጥለው የኮስቲክ ሶዳ ብጥብጥ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ በአሲድ እየለካን ነበር። ጓደኛዬ ሀሊማ ብጥብጡን በመስታወት ቱቦ በአፏ ስትስብ ድንገት ጉሮሮዋ ገባ። ጮኸች፤ ከንፈሯ ወዲያው ነጣ። መምህራችን አፏን በውሃ አጠበላት።

«ሳላቀጥነው ሰጠኋችሁ! ከእናንተ መሃል ልኩ መብለጡን ያየ አልነበረም?» አለ።

እኔ ደብተሬን ከደንኩ። ከሀሊማ ቀድሜ ለክቼ፣ የብጥብጡ ጠርሙስ ላይ ከተጻፈው ጥንካሬ አሥር እጥፍ አግኝቼ ነበር። «ተሳስቻለሁ» ብዬ ሰረዝኩት።

ሀሊማ ተርፋለች፤ ማንያታ የሚባለው ሰፈር ሱቅ አላት። ድምፅዋ ግን እንደሻከረ ቀረ።

«አቦ፣ ጠፋሽ እኮ!» አለችኝ ትናንት ደውላ።

አሁንም አልነገርኳትም።