ከግድግዳው ላይ ያወረድኩት

ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው! ሰባት ዓመት አለፈው።

ጎረቤቴ ያለምወርቅ እዚሁ ደብረ ማርቆስ የአንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ የቀረቻት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ወንጌላዊት። እሷም በልብ ሕመም አልጋ ያዘች። «እማዬ፣ ሜዳ አማረኝ» ትላለች ጠዋት ማታ። ሁለት እርምጃ ከሄደች ግን ትንፋሿ ይቆረጣል።

ያለምወርቅ ደግሞ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። የቢሮ አበባ ሲከረከም የሚጣለውን ቅርንጫፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታመጣለች። አሮጌ ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቃ አፈር ትሞላለች፤ የጭቃው ግድግዳ እንዳይርስ ላስቲክ ወጥራ በሚስማር ትሰቅላለች። በሁለት ክረምት ከአልጋው ትይዩ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ለመለመ። ታችኛውን ረድፍ ወንጌላዊት በገዛ እጇ ነው የተከለችው። የሃይላንድ ክዳን በስታ አልጋዋ ላይ ሆና ውኃ ትረጨዋለች።

የእኔም አፍ አያርፍም፤ «አንቺ፣ ቤቱን ዱር አደረግሽው እኮ! ጅብ ልታስገቢብን ነው?» እላታለሁ። ልጅቷ እስኪያስላት ትስቃለች።

በ2003 ዓ.ም. ፍልሰታ ገብቶ ሳለ ደከመች። እኔ እግርጌዋ ተቀምጫለሁ። የእናቷን እጅ ይዛ «እማዬ፣ እነዚህን አደራ፤ እንዳታደርቂብኝ» አለቻት። በዚህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ያለምወርቅን ደግፈው ወደ ቀብር ሲወስዷት እኔ ለለቀስተኛው ቤት ላሰናዳ ቀረሁ። አልጋው ወጣ፣ ዕቃው ወጣ። ቀና ስል ግድግዳው ለምለም ነው። ደነገጥኩ። በእኛ አገር ለምለም የደስታ ነው፤ ቄጤማ የሚጎዘጎዘው ለሠርግ፣ ለዓመት በዓል ነው። «ኧረ ሰው ምን ይላል! ልጅ ሞቶባት ቤቷን አስጌጠች ይሏታል» አልኩ። ከሐሜት ላድናት ብዬ እኮ ነው! አደራው ትዝ አለኝ? አላለኝም። ጀሪካኑን አንድ በአንድ አውርጄ ከአጥር ውጭ ደፋሁት። የጎረቤታችን የባዘዘው ላሞች ሲያልፉ አንዲት ቅጠል ሳያስቀሩ ጨረሱት።

ያለምወርቅ ተደግፋ ገባች። ባዶውን ግድግዳ አየች። ሚስማሮቹን በጣቷ ዳሰሰች። ምነው በጮኸችብኝ!

«ማሬ፣ የት አደረግሽው?» ብቻ አለችኝ።

ነገርኳት። ወጥታ ተንበርክካ ከጭቃው ውስጥ ሥር ስትፈልግ ሰው ይዞ አስገባት።

ከአርባው በኋላ ያንኑ ዓይነት ቅርንጫፍ ለምኜ፣ ጀሪካን ላይ ተክዬ፣ እስኪጸድቅ ጠብቄ ወሰድኩላት። እግሯ ላይ ወደቅኩ። አነሳችኝ፤ ሳመችኝም። ተክሉን ተቀብላ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው። ልስቀልልሽ ብዬ ወደ ሚስማሩ ስጠጋ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይው ማሬ። ይሄን እኮ ወንጌል አልነካችውም» አለችኝ።