የአቶ አዳነ ቅኝት

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሐል ሜዳ ላይ ሬዲዮ የተበላሸበት ሁሉ ባምላኩ ዘንድ ይሄድ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ምሳ እንኳ አይቀምስም፤ ሚስት ሳያገባ የቀረውም በዚሁ ጠባዩ ነው ይባላል። በገና ደርዳሪው አባቱ አቶ አዳነ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ሲሞቱ ግን ሱቁን ዘግቶ እናቱ ቤት ገባ።

በገናው አባቱ እንደቃኙት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ያ ቅኝት ሌላ ደርዳሪ ዘንድ የለም። በኦርጋን ቢፈለግም በነጩና በጥቁሩ ቁልፍ መካከል ሾልኮ ይቀራል። አውታሩ ደግሞ የበግ አንጀት ነው፤ ክረምት ሲገባ መርገቡ አይቀርም። ባምላኩ ከዚያ በፊት ቅኝቱን ሊይዘው ቆረጠ። አሮጌ ኦርጋን ፈታታና ቁልፎቹን በጣውላ ላይ እንደ ማር እንጀራ ደረደራቸው፤ ዜማው ከየትኛውም ቁልፍ ቢነሳ የጣት አካሄዱ ያው ነው። ለእያንዳንዱም የራሱን መቃኛ ብሎን ያበጅለት ጀመር። አውታሩን ነካ ያደርጋል፣ ብሎኑን ጥፍር ታህል ያዞራል፣ ደግሞ ይነካል። ሁለቱ ድምፆች ሲገጥሙ አባቱ አጠገቡ የተቀመጡ ይመስለውና ያለቅሳል።

ግማሹን እንደጨረሰ ብሎን አለቀበት። ጸሎተ ሐሙስ ደብረ ብርሃን ወርዶ ቅዳሜ ሹር ተመለሰ። አውታሮቹ ረግበው ተንጠልጥለዋል።

«አባትህ ፋሲካ በመጣ ቁጥር አላልተው ያሳርፉት ነበር» አሉ እናቱ ወይዘሮ ወለተ ማርያም። «ዘንድሮ እሳቸው የሉ፤ ወጉ እንዳይቀርባቸው ብዬ እኔ አላላሁላቸው። ምነው፣ አጠፋሁ?»

ባምላኩ ማንን ይቆጣል?

«የለም እማ፣ ደግ አደረግሽ።»

ከዚያ ወዲያ የቀረውን ቅኝት ለማግኘት ብዙ ሞከረ። እናቱን አዚሚልኝ እንዳይል፣ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ እንባ ይቀድማቸዋል። የገዛ ጆሮውም ከዳው፤ ዛሬ ልክ ያለውን ነገ ሲሰማው የሌላ ሰው ይሆንበታል።

የአቶ አዳነ ተዝካር ወጥቶ እንግዳው ሲበተን እናቱ፣ «እስቲ ያንን የደከምክበትን አሰማኝ» አሉት።

ባምላኩ ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ቀና አሉ።

«እሳቸው ናቸው! በማርያም፣ እሳቸው ናቸው!»

ዜማው ተቋረጠ።

«ቀጥል እንጂ ልጄ።»

«እዚህ ድረስ ነው የያዝኩት፣ እማ። የቀረው አውታሩ ላይ ነበር።»

ወይዘሮ ወለተ ማርያም ዞር ብለው በገናውን አዩት። ከዚያ ሁለት እጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።