ጎንበስ የሚሉ ብርሃኖች

ሙፊዳ መቱ ተወልዳ፣ መቱ ተምራ፣ ባለፈው ሐምሌ በሠላሳ አንድ ዓመቷ አረፈች። በወጣት ማዕከላችን መዝገብ ቤት ያለው ማኅደሯ «የኮምፒውተር አሠልጣኝ» ይላል። አልተሳሳተም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። መዝገብ ያዧ እኔ ስለሆንኩ ልሙላው።

አባቷ ከስልጤ መጥተው ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጡ ነበር። እሷ ቀለሙን ወደደች፤ ሽያጩን ተወችላቸው። አድጋ በኮምፒውተር የሠራችው ዓለም ዛፍ የለው፣ ቤት የለው፤ ቀለምና ድምፅ ብቻ ነው። ዓይን ሸፍኖ ያንን ዓለም የሚያሳየውን የቪአር መነጽር ላጠለቀ ሰው ብርሃኖች ይመጡለታል። እጁን ሲዘረጋ ይሳባሉ፣ ሲናገር ይንቀጠቀጣሉ። አንገቱን ከደፋ «በቃኝ» ማለቱ ነው፤ ይጠፋሉ።

በ2015 ዓ.ም. ማዕከሉ ለከተማው ሰው በሩን ከፍቶ ሥራውን ባሳየበት ቀን፣ ኃላፊያችን እትዬ መነን ቁርጡን ነገሯት።

«እስከ ስድስት ሰዓት አምስት ሰው አምስት አምስት ደቂቃ ካልቆየበት መነጽሩ ኡካ ከተማ ወዳለው ማዕከል ይሄዳል። እዚያ ይፈልጉታል።»

ያለን መነጽር አንድ ነበር። እሱ ከሄደ የሁለት ዓመት ልፋቷን የሚያይላት አይኖርም። ሰዓት ያዥ ሆንኩ።

መምህርት ሸዋርካብሽ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። ባለባጃጁ ሀምዱ፣ ሃያ ሁለት። ሁሉም «ጨለመብኝ» እያሉ ያወልቃሉ። ሙፊዳ ገመድ ትነቅላለች፣ ትሰካለች።

አራት ሰዓት ላይ የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሼ ጭምዴሳ ተቀመጡ። ብርሃኖቹ ሲመጡባቸው ከወንበሩ ብድግ አሉ፤ ባርኔጣቸውን ሊያነሱ ሲሞክሩ መነጽሩን ነኩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው «አካም ጅርቱ?» አሉ። ብርሃኖቹ ጠፉ።

«ልጄ፣ ይሄ ዓለምሽ ባለጌ ነው። ሰላም ስለው በሩን ዘጋብኝ!»

ሙፊዳ አፏን ይዛ ሳቀች። «ባለጌዋስ እኔ ነኝ፣ ጋሼ! መውጫ ምልክቱን ከኢንተርኔት ትምህርት ነው የቀዳሁት። እዚያ ሰው ጎንበስ አይልም መሰለኝ።»

አርባ ደቂቃ ፈጀባት። አሁን ሰው ጎንበስ ሲል ብርሃኖቹም ጎንበስ ይላሉ፤ መውጫው እጅን ደረት ላይ ማድረግ ሆነ።

ጋሼ ጭምዴሳ እንደገና ገቡ። አንዱን ብርሃን ስለ ከብቱ፣ ሌላውን ስለ ዝናቡ ጠየቁ።

«ኧረ ይውጡልን፣ ጋሼ!» አለ ሀምዱ፤ «ሰዓቱ ሄደ!»

«ዘመዶቼን ሳልጨርስ?»

ዐሥራ አንድ ደቂቃ ቆዩ። ሌሎችም ተከተሏቸው። አምስተኛው ሰው ራሱ ሀምዱ ነበር፤ ለስድስት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ወጣ። እትዬ መነን ወደ ኡካ ደውለው ይቅርታ ጠየቁ።

መነጽሩ አሁንም እኛ ጋ ነው። እኔ በዚያ ቀን ሰዓት ስይዝ አልገባሁበትም ነበር። ባለፈው ሐሙስ ንብረት ስቆጥር አጠለቅሁት። ጎንበስ አልኩ፤ ጎንበስ አሉ። እጄን ደረቴ ላይ እስካደርግ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አልመዘገብኩም።