ነጩ ሴራሚክ

ሴራሚክ መሸጫ ቤት ስገባ እግሬ በራሱ ይጠነቀቃል። አምና ከባለቤቴ ጋር ለሠራነው ቤት ወለል ልመርጥ፣ ብዙ ዓመት ጂዳ ኖራ ከተመለሰችው ታላቅ እህቴ ከጦይባ ጋር መካነ ሰላም ገበያ ዳር ወዳለ ሱቅ ገባን። እሷ ነጭ አንጸባራቂውን አንስታ "ቤት የሚያበራው ይኼ ነው" ስትለኝ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። አንዱን በጥፍሬ እፍቃለሁ፤ ሌላውን በመዳፌ እዳብሳለሁ፤ ደሞ ወደ በሩ እሄዳለሁ።

ልጅ እያለሁ የቤታችን ወለል አፈር ነበር። እናቴ በየሳምንቱ በእበት ትለቀልቀዋለች፤ ሲደርቅ የሣር ሽታው ደጅ ድረስ ይመጣል። ጦይባ ጂዳ በገባች በሁለተኛው ዓመት "ወለሉን ሴራሚክ አድርጉት" ብላ ገንዘብ ላከች። ሴራሚክ አንጣፊው ከደሴ ሁለት ዓይነት ይዞ መጣ። አባቴ ሻካራውን ቡናማ ረገጥ ረገጥ አድርገው ወደዱት። ጦይባ ግን በስልክ "አባ፣ ነጩን አድርጉልኝ። እዚህ የምወለውለው ቤት ነጭ ነው፤ የናንተም እንደሱ ይሁን" አለቻቸው።

"እሺ ልጄ፣ አንቺ ካልሽ" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ዕረፍት አጣ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ እናቴ ጨርቅ ይዛ ዱካችንን እየተከተለች ትጠርጋለች። እኛ ልጆች እሷ ዘወር ስትል በካልሲ ተንደርድረን ከበሩ እስከ ጓዳው እንንሸራተታለን። ስትደርስብን "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ትለን ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም፣ የዒድ ዋዜማ ዕለት እናቴ ገበያ ስትወርድ ወለሉን አብርቼ ላስደስታት ብዬ የልብስ ሳሙና በጥብጬ አፈሰስኩበት። አባቴ ለዐስር ሶላት ዉዱእ አድርገው እግራቸው እንደረጠበ ገቡ። የወደቁበት ድምፅ ዛሬም ይሰማኛል። ዳሌያቸው ተሰበረ። ጎረቤቶች በቃሬዛ ይዘዋቸው ሲወጡ እኔ ከበሩ ኋላ ተደብቄ ነበር።

ታክመው በምርኩዝ ሲመለሱ ለብቻዬ ጠሩኝ። "ለእህትሽ ደጅ ላይ ጭቃ አንሸራተተኝ ብያታለሁ፤ አንቺም እንደዚያው በይ። እሷ ለፍታ የላከችው ነገር አባቴን ሰበረ ብላ እንዳታለቅስ። አንቺም የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያልሽ እንዳታድጊ" አሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ ቃላቸውን አልለወጡም።

ሱቁ ውስጥ ጦይባ ሻጩን "ነጩን ስጠን" ስትለው አላስቻለኝም፤ ሁሉንም ነገርኳት። ሴራሚክ የታሸገበት ካርቶን ላይ ቁጭ አለች።

"ጭቃ አልነበረም?"

"አልነበረም። ሳሙናውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።"

"በደወልኩ ቁጥር 'አባ፣ ወለሉ እንዴት ነው?' እላቸው ነበር እኮ። 'አልሐምዱሊላህ፣ ያበራል' ይሉኛል" አለች። ዓይኗን በሒጃቧ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ተነስታ አንስቼ የያዝኩትን ሻካራ ሴራሚክ ዳበሰችና ሻጩን "ከዚህም ሻከር ያለ አለህ?" ብላ ጠየቀችው።

አሁን ወለላችን ቡናማ ነው። ቆሻሻ ይይዛል፤ ሲወለውሉት ወገብ ይቆርጣል። ያኔ እኛ ዱካችንን እየፈራን አደግን፤ ልጆቼ ግን ጫማቸውን ሳያወልቁ ይሮጡበታል፤ የሚቆጣቸውም የለም። ደስ ይለኛል። ብቻ ኮቴያቸው ፈጠን ባለ ቁጥር ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። እስካሁን ማንም አልወደቀም፤ እኔም ተረጋግቼ አልተቀመጥኩም።